የአሥራ ሁለት ሰዓት ውሃ

ዘመነ ሞጣ መናኸሪያ በቆመው ሚኒባስ ገብቶ የገዛውን ጓጉንቸር ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ከሰው ሁሉ ሊያያት የማይሻት ሴት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ፈንታነሽ ናት፤ ሞጣ ላይ ሒሳብ የምታስተምረው የጎረቤቱ ልጅ። ጎረቤትነቷስ ባልከፋ፣ የወልደ ኪዳን ልጅ መሆኗ ነው እንጂ።

ቂም ስንት ዘመን ይቀመጣል ለሚል ሰው ዘመነን ማየት ይበቃዋል። እሱና ወልደ ኪዳን ብቸና ስምንተኛ ክፍል ሳሉ መምህሩ ክፍልፋይ ያለበት ሒሳብ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ዘመነ እጁን ቢያወጣ፣ «አንተ ተቀመጥ፤ ወልደ ኪዳን ይምጣ» አለው። ወልደ ኪዳን ወጥቶ ሠራ፤ ተጨበጨበለት። ዘመነ በዚያው ዓመት ሚኒስትሪ ወደቀ። ያኛው ተምሮ፣ ልጅ አስተምሮ፣ ቤቱን በቆርቆሮ ከደነ። ለዘመነ የተረፈችው ክብር አንዲት ናት፤ ብቸና አጠገብ ባለው መንደራቸው የመስኖውን ውሃ የሚያካፍለው የውሃ አባት መሆኑ። እሷንም ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጥቀው ለወልደ ኪዳን ሊሰጡበት ነው ይባላል። ጓጉንቸሩን ብቸና ቢገዛው ወሬው ቀድሞት እንደሚገባ ስላወቀ ነው ሞጣ ድረስ የመጣው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ዘመነ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አባትሽ ለሹመቱ ጋቢ አሳጥቧል ሲሉ ሰማሁ።»

ፈንታነሽ ሳቅ አለች። «እሱ ሹመቱን አይፈልገውም። የመሐል ሰፈሯ የእማማ ይርጋነሽ በርበሬ ውሃ አጥቶ መድረቁ ነው ያስጨነቀው። ቁልፉ ለምንድን ነው?»

«ለቦዩ በር። ሌባ በዝቷል።»

ሌባ ያለው አባቷን እንደሆነ ገብቷታል፤ ግን አለፈችው። «ውሃውን እንዴት ያካፍሉታል?»

«በሽማግሌ ሕግ ነዋ። በሩ ከተከፈተበት ጊዜ ሲሶው ለላይ ሰፈር፣ እርቦው ለታች ሰፈር። የቀረው ለመሐል ሰፈር ባልቴቶች ጓሮ። ጓሮው አምስት ሰዓት ካልጠጣ አይጠግብም። እኔ በቀን ለዘጠኝ ሰዓት እከፍታለሁ።»

«ዘጠኝን ማን ነገረዎት?»

«ድሮም ዘጠኝ ነው።»

«የዘጠኝ ሲሶ ሦስት፤ እርቦው ሁለት ከሩብ። ለባልቴቶቹ ስንት ቀረ?»

ዘመነ በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው። ከኪሱም የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ።

«የማላውቅ አይምሰልሽ። እኔም ሞክሬዋለሁ። የማላውቀውን ሰዓት ኤክስ አልኩት። የኤክስ ሲሶ፣ የኤክስ እርቦ፣ ሲደመር አምስት፣ እኩል ይሆናል ኤክስ። በአሥራ ሁለት አባዛሁ። አራት ኤክስ፣ ሦስት ኤክስ፣ ሲደመር አምስት፣ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት ኤክስ። ኤክስ ስንት ወጣ? አንድ። አምስት ሰዓት የሚጠጣ ጓሮ በአንድ ሰዓት! ሒሳብ የሚታዘዘው ለእናንተ ቤት ብቻ ነው ብዬ ተውኩት።»

እሷ ወረቀቱን ስታይ አልሳቀችም። «ሦስትና አራት የሚገናኙት አሥራ ሁለት ላይ መሆኑን ራስዎ አገኙት። ሲሶውን አባዙ፤ እርቦውን አባዙ፤ ማዶ ያለውንም አባዙ። አምስቷንስ?»

«እሷማ ከሥሯ ቁጥር የላትም። ክፍልፋይ ያልሆነችውን ምን ብዬ አባዛታለሁ?»

«ሁሉ ሲባዛ እሷን ብቻ ‹አንቺ ተቀመጪ› አሏት።»

ዘመነ ዞሮ አፈጠጠባት። «ይህን ቃል ማን ነገረሽ?»

«አባቴ። ያን ዕለት እሱም ከሥሯ ቁጥር የሌላትን ማባዛት ረስቶ ነበር። መምህሩ ነው ያረመው። ‹ዘመነ ወጥቶ ቢሳሳት ኖሮ ያን ጊዜውኑ ይታረም ነበር› ይላል፤ ባነሣው ቁጥር ይከፋዋል።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። ዘመነ ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው፤ ያልገባውን ከመጠየቅ ሠላሳ ምናምን ዓመት መቅናት ቀሎት ኖረ። ኋላ እስክርቢቶ ለመናት።

«አምስት በአሥራ ሁለት፣ ስድሳ» አለ ለራሱ። «ሰባት ኤክስ ሲደመር ስድሳ፣ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት ኤክስ። ሰባቱ ወዲያ ይሻገርና ይቀነስ። ስድሳ፣ እኩል ይሆናል አምስት ኤክስ። ኤክስ አሥራ ሁለት።»

«ያመሳክሩት።»

«ሲሶው አራት፣ እርቦው ሦስት፣ ጓሮው አምስት። አሥራ ሁለት ሞላ።» እስክርቢቶውን መለሰላት። «የላዩም የታቹም ጨመረላቸው እኮ።»

«ውሃውስ ይበቃል?»

«ይተርፋል እንጂ። ስዘጋው ወደ ወንዝ ነው የሚፈሰው።»

በማግሥቱ ዘመነ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆመ። «ከነገ ጀምሮ ከጧቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ይከፈታል» ብሎ ድርሻውን አንድ በአንድ አስረዳ።

«ይህን ማን አስተማረህ፣ አንተ?» አለች ይርጋነሽ።

«ራሴ» የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ወልደ ኪዳን ከፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«አምስቷን ረስቼ ነበር» አለ፣ ጠጠር እንደሚያላምጥ ሰው። «ያረመችኝ የወልደ ኪዳን ልጅ ናት።»

መጀመሪያ ያጨበጨበው ወልደ ኪዳን ነው። ሹመቱም ከዘመነ እጅ አልወጣም።

ዘንድሮ የይርጋነሽ በርበሬ ቀልቶ ደርሷል፤ በቦዩ ላይ ዱላ የተማዘዘም የለም። ቅናቱ ዘመነን ጨርሶ ለቀቀው ማለት ይከብዳል፤ ያ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታው ዛሬም ፊቱን ያዞራል። ጓጉንቸሩ ግን ከነላስቲኩ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።