የምድር ሙቀትና ቅናተኛው አጣቢ

ሰው በጎረቤቱ ሲቀና ይከፋዋል፤ ራሱ ባስተማረው ሰው ሲቀና ግን እህል ውሃ አይለው። በአንዲት ከተማ ዳር ልብስ አጥቦና ተኩሶ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ይህ ደረሰበት። በጓሮው ሦስት በርሜል ጥዶ፣ እንጨት እየማገደ፣ የሆስፒታሉን አንሶላ ሃያ ዓመት አጥቧል። ካውያ አያያዝ ያስተማራት ሠራተኛው የማታ ትምህርቷን ጨርሳ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ቤት ከፈተች። ከከተማው አጠገብ ከተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ፍል ውሃ በቧንቧ ይመጣላታልና እንጨት አትማግድ፣ ጭስ አያውቃት፤ አንሶላው ረፋድ ላይ ደርቆ ይታጠፋል። ሆስፒታሉም ወደ እሷ ዞረ።

ሽማግሌው አንጀቱ አረረ። «ከመሬት ውስጥ የሚያመጡት ፍል ውሃ ቆዳ ያሳክካል» እያለ ያስወራ ጀመር። አንድ ቀን ምስጢሯን ሊያይ በአጥሩ ሾልኮ ገባና ቧንቧውን ጨበጠ።

«ኧረ ተቃጠልኩ!»

ልጅቱ እርጥብ ልብስ እንዳቀፈች ብቅ አለች። «ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ እጁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችለት።

ከመያዙ ይልቅ መታከሙ አሳፈረው፤ አፉ ግን አልተሸነፈም።

«ሙያ ባስተማርኩሽ እንጀራዬን ዘጋሽብኝ! ያውም በሚያሳክክ ውሃ!»

«ፍል ውሃው ልብስ አይነካም፣ ጋሼ። በቧንቧ ሆኖ በንጹሕ ውሃ ጋን ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀቱን ሰጥቶ ይሄዳል። ድስት ከእሳት ሙቀት እንጂ አመድ ይወስዳል?»

«ቢያልቅስ? ምድርም እንደ ላም ነች፤ ስትታለብ ትነጥፋለች።»

«ያለ ልክ ከታለበች አዎ። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ሳይቆፍሩ መሬቱን ያጠኑት፣ ሙቀቱን የለኩት። ከጥልቁ የሚወጣው እንፋሎት መብራት ያመነጫል፤ የተረፈው ፍል ውሃ ለእኛ ይደርሳል፤ ሲቀዘቅዝ በሌላ ጉድጓድ ወደ ምድር ይመለሳል። ገና ያልተጠና ስንት ቦታ አለ መሰለዎት!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስቴ መጥቼ ነበር። ‹ተማርኩ ብለሽ ልትስቂብኝ ነው› ብለው አባረሩኝ።»

እውነቷን ነበር። ጭስ ዓይኗን የሚያስለቅሳት ሚስቱም ያን ጊዜ «ስማት እንጂ» ብላው ነበር። ሽማግሌው አንገቱን ደፋ።

«ቀንቼብሽ ነው፣ ልጄ። ያን ወሬ የነዛሁትም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እየሳቀች። «ከእርስዎ ሌላ ቀን ከሌት ስለ እኔ የሚያስብ ማን አለ?»

በሦስት ወር ውስጥ ቧንቧው ከእሱ ጓሮ ደረሰ። በርሜሎቹ ተነሱ፤ የሚስቱ ዓይን ማልቀሱን ተወ፤ የሆስፒታሉንም አንሶላ ሁለቱ ቤቶች ተካፈሉት። ጎረቤታቸው ዶሮ አርቢው ጫጩቶቹን በዚያው ሙቀት ያሳድግ ጀመር፤ ከከተማው በላይ ያለው ደንም ከምሳር አረፈ። ቅናቱ በአንድ ጀንበር ባይለቀውም፣ አሁን በማማት ፈንታ ይጠይቃታል።

በዓመቱ የምድር ሙቀት አጥኚዎች ወደሚቀጥለው መንደር ሲሄዱ ነዋሪው መሬቴን አላስነካም አለ። አብሯቸው የሄደው ሽማግሌ ማንም ሳይጠይቀው ከነዋሪዎቹ መካከል ቆመ።

«እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ፤ ሰው ሲቀድመኝ አልወድም። ግን ስሙኝ፦ የሚጠይቅ ሰው ዘግይቶም ይደርሳል፤ የሚቀና ሰው እንደ ቆመ ይቀራል። መሬቱን ያጥኑና እንይ!»