ዘይት ጠጪዋ ቱርቦ

(ቅዳሜ ረፋድ፣ ቄራ አካባቢ ያለ ጋራዥ። ጡረታ የወጡት የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ጋሽ ንጋቱና የቀድሞ ተማሪያቸው መካኒኳ ምንትዋብ፣ ኮፈኗ በተከፈተ አሮጌ ቀይ ቱርቦ መኪና አጠገብ ቆመዋል።)

ጋሽ ንጋቱ፦ ጻፊ ብቻ! «ሞተሩን የጨረሰው ልጁ ኢዮብ ነው» ብለሽ ማኅተም ምቺበት።

ምንትዋብ፦ ጋሼ፣ እኔ መካኒክ ነኝ፤ ዐቃቤ ሕግ መሰልኩዎት?

ጋሽ ንጋቱ፦ ነገ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ይልክብኛል። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ምርቃቴን ፈልጎ ነው። ታዲያ ባዶ እጄን ልጠብቃቸው?

ምንትዋብ፦ ልጅዎን ላይመርቁት ነው? በመኪና?

ጋሽ ንጋቱ፦ መኪና ትላታለች! ሃያ ሰባት ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የያዝኳትን፣ ለአንድ ሳምንት ሐዋሳ ወሰዳት። ከመለሳት ሁለት ወሯ ነው፤ ዘይት እንደ ጠላ ትጨልጣለች። በየሳምንቱ አንድ ሊትር! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።

ምንትዋብ፦ ዘይት የሚያግደው የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ቢሆን ሞተሩ አቅም ያጣ ነበር። ለካሁት፣ ጎረምሳ ነው። ቱርቦውንም ፈትቼ አየሁት፣ ዘንጉ አልላላም። የሚያንጠባጥብም የለም።

ጋሽ ንጋቱ፦ ጭሱስ? ከኋላዬ የሚነዳ ሁሉ ይሰድበኛል እኮ!

ምንትዋብ፦ ጭሱ እውነት ነው። እስቲ የዘይት መለኪያውን ይዩልኝ፤ የት ደርሷል?

ጋሽ ንጋቱ፦ ከላይኛው ምልክት... ሁለት ጣት አልፏል። አንቺ ነሻ የጨመርሽው!

ምንትዋብ፦ ጠብታ አልጨመርኩም። ቤት ሲለኩ መኪናዋ የት ነው የምትቆመው?

ጋሽ ንጋቱ፦ በሬ ላይ ነዋ። ቁልቁለቱ ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች።

ምንትዋብ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ጋሽ ንጋቱ፦ ኢዮብ ከመለሳት ጀምሮ። ባትሪዋ ደከመ፤ ጠዋት ጠዋት በቁልቁለቱ ለቅቄ አስነሳታለሁ። ብልሃት ነው!

ምንትዋብ፦ ብልሃቱስ ደግ ነበር። ግን ተዘቅዝቃ ስታድር ዘይቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ መለኪያው ያለው ከኋላ ነው። እርስዎ ጎደለ ብለው ይጨምራሉ። ትርፉ በሞተሩ መተንፈሻ ወደ ቱርቦው ይገባና ይቃጠላል፤ ጭሱም እሱ ነው። እሷ መቼ ጠጣች? እርስዎ ነዎት «በሞቴ» እያሉ የሚግቷት።

ጋሽ ንጋቱ፦ ሠላሳ ዓመት መንጃ ያስተማርኩትን ሰው ዘይት መለካት ልታስተምሪኝ?

ምንትዋብ፦ የራስዎን ቃል ነው የምልዎት። «መኪናው ደልዳላ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ይጠበቅ።» ብስተው ሃያ ጊዜ አስጽፈውኛል።

ጋሽ ንጋቱ፦ ...እንግዲያው «ቱርቦው ተበላሽቷል» በይልኝ። እኔንም እሱንም አታንሺ።

ምንትዋብ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አሁን ደግሞ ተረኛው ቱርቦው ሆነ?

ጋሽ ንጋቱ፦ «ልጄ ሞተሬን በላው» ብዬ ለዕድርተኛው ሁሉ አውርቻለሁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ!

ምንትዋብ፦ መኪናዋስ ትርፉ ዘይት ሲቀነስላት ትድናለች። ነገ ሽማግሌዎቹን ምን ሊሏቸው ነው?

ጋሽ ንጋቱ፦ አይመጡም። አሁኑኑ ደውዬ አስቀራቸዋለሁ።

ምንትዋብ፦ ጋሼ! ልጁ እኮ...

ጋሽ ንጋቱ፦ ሽማግሌ የሚልከው የበደለ ነው። እጅሽን ታጠቢ፣ ወደ ኢዮብ የምልከው አንቺን ነው።