ክንድሽ ነው የረዘመው

ነይ እስቲ እታለም፣ እዚች በርጩማ ላይ ውጪልኝ። ጫማሽን አታውልቂው፤ ለልጅሽ ምረቃ የምታደርጊው እሱን ከሆነ ቁመቱን ከሱ ጋር ነው የምለካው። እንዲህ... ቀጥ በይ። ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ። የዛሬው ፀሐይ ደግሞ ምን ነካው፣ ጠዋት ሹራብ አስለብሶን አሁን ያቃጥለናል። ሻይ አሁን ልስጥሽ ወይስ ኋላ? ኋላ ይሻላል፤ እስፒል በአፌ ይዤ እንግዳ ማስተናገድ አይሆንልኝም።

ከጠረጴዛው ሥር በሚታይሽ እግር አትደንግጪ፣ ወንድምሽ ነው። ፕሪንተሩን ሊያስተካክልልኝ ገብቶ ነው። ከትናንት ወዲያ ገመዱን ቀየረ፣ ትናንት ሶኬቱን፣ ዛሬ ደግሞ ካቻቢቴ ይዞ ሆዱን ከፍቶታል። ተይው፣ ሰላምታውን ሲወጣ ትቀበይዋለሽ። ሥራ ላይ ሲሆን ቢጠሩት አይሰማም... ጨዋታችንን ብንጫወት አንረብሸውም።

እጅጌው አጠረብሽ እንዴ? እስቲ ክንድሽን ዘርጊ። አዎ፣ አንጓሽ ብቅ ብሏል። ይገርማል እኮ፣ የለካሁሽ በዚሁ በአንገቴ ባለው ሜትር ነው። ጨርቁ እንዳልል ውሃ አልነካውም። እኔ እንዳልል፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስሰፋልሽ እጅጌ አሳጥሬብሽ አውቃለሁ? ታዲያ ማን ቀረ? ክንድሽ ነዋ። ክንድሽ ነው የረዘመው።

አትሳቂ፣ እስፒሉ ይወጋሻል። ከራሴ አፍልቄ እንዳይመስልሽ። አንድ የማውቃቸው ሊቅ አሉ፣ ከእሳቸው የተማርኩት ነው። አንቺ የት ታውቂያቸዋለሽ... ብታውቂያቸውም እንዳላወቅሽ ሁኚልኝ፤ ትሑት ናቸው፣ ሲሞገሱ ያፍራሉ።

እኚህ ሰው ንስር የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ይወዳሉ። መውደድ ስልሽ እንደ ሰው መውደድ አይደለም። ፕሮግራሙን እሳቸው አልሠሩት፣ የሠራውንም ሰው በዓይናቸው አላዩት፣ ግን ንስርን አንድ ሰው ክፉ ካለባቸው እህል አይወርድላቸውም። አባታቸውን ቢሰድቡባቸው ይሻላቸዋል። ነፍሳቸውን ይማርና አባታቸው ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ ነበሩ መሰለሽ... ላንቺ ምን እነግርሻለሁ።

በስልካቸው ውስጥ የንስር ቤተሰብ የሚባል ግሩፕ አለ። ቤተሰብ ነው የሚሉት፣ ልብ በይ። ሰዉ አዳራሽ አይበቃውም። ቁርስ ላይ ቤተሰብ፣ ምሳ ላይ ቤተሰብ፣ ሰው ሲያናግራቸውም አንድ ዓይናቸው ቤተሰቡ ላይ ነው። የወለደቻቸው እናት ስትደውል «ቆይ እማዬ፣ ሰው እየመለስኩ ነው» ይሏታል። ደግሞ የቤተሰብ ፍቅር ያለው ወንድ በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

አስተዋይነታቸውን ልንገርሽ። የግሩፑ አለቃ አለ፣ አባ ንስር ይሉታል፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። አንድ ሰሞን ይሄ አባ ንስር የፕሮግራሙ ማውጫ በግራ በኩል ነው መሆን ያለበት ብሎ ጻፈ። እኚያ ሊቅ ሳምንቱን ሙሉ ስለ ግራ ተሟገቱ። ቀኝ ይሻላል ያለውን ሁሉ አላዋቂ አሉት፣ ቅጥረኛ አሉት፣ አንዱንማ ያሳደገውን ሰው ጭምር ወቀሱለት። እሑድ ምሳ ላይ አባ ንስር ሐሳቡን ቀይሮ ቀኝ ይሻላል ብሎ ብቅ አለ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሹካቸውን ሳያስቀምጡ «እኔም ከድሮም ቀኝ ነበርኩ» ብለው ጻፉ። እንዴት ያለ አእምሮ ነው... አይሻግት፣ አይደርቅ። ሌላው ሰው አንድ ሐሳብ ይዞ ያረጃል።

ዙሪ እስቲ፣ ጀርባሽን ልየው። ትከሻው ልክ ነው፣ ተመስገን።

ጓደኛም አላቸው፣ ነበራቸው ልበልሽ። ሰዓት ሠሪ ነው፣ ከልጅነት ጀምረው እሑድ እሑድ ካርታ የሚጫወቱ። ያ ምስኪን አንድ ቀን ካርታውን እየበወዘ «አሮጌውም ፕሮግራም እኮ አይከፋም» አለ። ይህችኑ ብቻ ነው ያለው። አሁን በእሱ ሱቅ በር ላለማለፍ ዳቦ ሊገዙ በላይኛው መንገድ ነው የሚዞሩት። እግር ማፍታታት ለጤና ጥሩ ነው፣ ሐኪምም ያዘዋል።

አንድ ልማድ ደግሞ አላቸው፣ ደስ ይልሻል። አሮጌውን ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ኤሊ ነው። ስለ አሮጌው ትንፍሽ ያለ ሰው ወደ ግሩፑ ከገባ፣ አባ ንስር መጀመሪያ አንዲት የኤሊ ሥዕል ያስቀምጥበታል። ከዚያ ቤተሰቡ በሙሉ በተራ በተራ ኤሊ ይደረድርበታል። ስልክሽን ወደ ላይ ብትገፊው ብትገፊው ኤሊ ነው። የተጠየቀውን ማንም አያነብም፣ ሰልፉ እንዳያመልጠው ይሮጣል እንጂ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ልጅ ያደረሱ፣ መሥሪያ ቤት ያላቸው...

እኚህ ሰው ሚስት አለቻቸው መሰለኝ። እንደኔው ልብስ ሰፊ ናት አሉ። በሱቋ አሮጌውን ፕሮግራም ነበር የምትጠቀመው፤ የደንበኛ ልክ ታስቀምጥበታለች፣ ጨርቅ የምትቆርጥበትን የወረቀት ፓተርን ታትምበታለች። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ያለችውን ይሰማታል። ታዲያ አንድ ቀን ገበያ ውላ ስትመለስ ባሏ አሮጌውን ሙልጭ አድርገው አጥፍተው ንስርን ጭነውላት ጠበቋት። ሳይነግሯት፣ እንድትደነቅ ብለው። አበባ የሚያመጣ ባል አለ፣ ሽቶ የሚያመጣ አለ... ምን ትላለች፣ አመሰገነች።

ከዚያ ወዲያ ጋዋን ሰፋች። የዚህ የክሊኒኩ ነርሶች ጋዋን፣ ትልቁ ሥራዋ እሱ ነው፤ እሱ ከሄደባት ሱቁን ዘግታ ሰው ቤት ተቀጥራ ቁልፍ ልትተክል ነው። የነርሶቹ አለቃ የመጀመሪያውን ለበሱና ክንዳቸውን ዘረጉ። እጅጌው እዚህ ጋ... አሁን አንቺ ላይ እንደማየው እዚሁ ጋ ቀረ። «እጃችንን ለመታጠብ ተመቸን» ብለው ቀለዱ፣ ጨዋ ናቸው። ሲወጡ ግን በሩን ይዘው «ቀሪውም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አሏት።

ለባሏ ነገረቻቸው። ንስር ፓተርኑን እያሳነሰ ያትምብኛል፣ እባክህ እየልኝ አለች። እሳቸውም ቀና ሳይሉ «ንስር አይሳሳትም» አሏት። ታዲያ እጅጌው ለምን አጠረ ብትላቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «የሴቶቹ ክንድ ረዝሞ ይሆናል።» ይኸውልሽ፣ እኔ ከዚያ ነው የተማርኩት። በአንድ ክሊኒክ ያሉ ነርሶች በሙሉ፣ በአንድ ሰሞን፣ ክንዳቸው ረዘመ። ኋላ ደግሞ ፕሪንተሩ ነው አሉ፣ ገመዱ ነው አሉ፣ መብራቱ ነው አሉ። ንስር ብቻ ንጹሕ ነው።

ምንድነው ወንድምሽ ጋ የተንኳኳው? ካቻቢቴው ወድቆበት ይሆናል። ተይው፣ ያገኘዋል።

ያቺ ሴትም መላ ቢጠፋት በሌላ ስም ግሩፑ ውስጥ ገባች። ገብታ ምን ጻፈች መሰለሽ? «የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ንስርን ጫነልኝ። ፓተርን ሳትም እያሳነሰ ያወጣብኛል፣ የነርሶች ጋዋን እጅጌ አጠረብኝ። ምን ላድርግ? ካልሆነ ወደ አሮጌው ልመለስ?» ይኸው ነው፣ ቃል በቃል። ስሟን ነው እንጂ የደበቀችው ሌላ ምን ደበቀች? ሱቁ የሳቸው ሚስት ሱቅ፣ ጋዋኑ ሳሎናቸው ውስጥ በር ላይ የተሰቀለው ጋዋን፣ ባለቤቴ የምትለውም እሳቸውን። የሚያነብ ሰው ቢኖር እኮ... ግን አባ ንስር «አሮጌው» የምትለዋን ቃል አየና ኤሊዋን አስቀመጠ። ቤተሰቡ ተከተለ። ኤሊ፣ ኤሊ፣ ኤሊ። እኚያ ሊቅማ ኤሊ ብቻ አይበቃቸውም፣ ጸሐፊ ናቸው፤ «እህቴ፣ ፕሮግራም ለሚያስብ ሰው ነው የተሠራው፣ አንቺ መርፌሽን ይዘሽ ተቀመጪ» ብለው ጻፉ። ከተጻፈው ሁሉ የተወደደው የሳቸው ነው አሉ። ላይኩ ዘነበ።

ምሳ ላይ ያንን ለሚስታቸው አነበቡላት። እየሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። «አንዷ ደደብ ምን ብላ ጠየቀች መሰለሽ» ብለው ጀመሩና የሷን ጥያቄ ዘለሉት፣ ቀጥታ ወደ ራሳቸው መልስ። እሷ ሳህን እያነሳች ነበር። «አይገርምም?» አሏት። «ይገርማል» አልኳቸው... አለቻቸው ማለቴ ነው።

አመማት እታለም። ቀልዱን ልተወውና፣ አመማት። ኤሊው አይደለም ያመማት፣ የማታውቀው ሰው ኤሊ ቢላት ምን ትሆናለች። እቤት ብትነግራቸው አልሰሟትም፣ አደባባይ ወጥታ ብትጽፍላቸው አላነበቡላትም። እስቲ ፍረጂኝ፣ አንዲት ሴት ባሏን የት ሄዳ ትጠይቀው?

ክንድሽን አውርጂ፣ ደክሞሻል። በጨረስኩ።

መጨረሻውን ልንገርሽና ሻያችንን እንጠጣ። በዚያው ቀን አንድ ሰው ለብቻዋ ጻፈላት። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባ ንስር። ራሱ፣ የመጀመሪያዋን ኤሊ ያስቀመጠው። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ጥያቄሽን ኋላ ነው ያነበብኩት» አላት። ስታትሚ በሚከፈተው መስኮት ላይ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የምትል አለች፣ አጠገቧ ትንሽ ሳጥን፣ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አለ፤ የሚያሳንሰው እሱ ነው፤ አንሺው፣ በቃ፣ አላት። አነሳችው። ፓተርኑ በልኩ ወጣ። ንስርም ጥፋት አልነበረበትም እኮ፣ ምስኪን፤ ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው አንዲት መስመር ቢጽፍ ያልቅ ነበር።

አባ ንስር ሲሰናበታት ምን አላት መሰለሽ? «እኔ ራሴ የወንድሜን የጫማ ሱቅ የምሠራው በአሮጌው ነው። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ከሰሙ ይደረድሩብኛል።» ገባሽ? አለቃው ተከታዮቹን ይፈራል፣ ተከታዮቹ አለቃውን ይፈራሉ፣ ሁሉም ተያይዘው ይበራሉ። እሷም አደራዋን ጠብቃለች፣ ለማንም አልተነፈሰችም። እኔም ላንቺ ብቻ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ የሚሰማ የለም ብዬ።

ጋዋኖቹ እንደገና ተቆርጠው ባለፈው ሳምንት ሄዱ። የነርሶቹ አለቃ ክንዳቸውን ዘረጉ፣ አንጓቸው አልታየም፣ ሥራው እዚያች ሴት ጋ ቀረ። ያንቺ ቀሚስ ከዚያ በፊት ተቆርጦ ስለነበር ነው፤ አይዞሽ፣ ከውስጥ የታጠፈ ጨርቅ ትቻለሁ፣ እለቅልሻለሁ። ለባሏ ነገረቻቸው ወይ? አልጠየቋትማ። እሳቸው አሁንም አንድ ጤነኛ ዕቃ በትዕግሥት እየፈቱ ነው አሉ፣ ጥፋቱን ፍለጋ... የት ሆነው እንደሚፈቱ እንጃ። ታታሪ ሰው ናቸው፣ ማን ያስቆማቸዋል?

በይ ውረጂ፣ ቀስ፣ እጄን ያዢ። ከመውረድሽ በፊት ግን እኚህን ሰው እንመርቃቸው፣ ይህን ሁሉ ስማቸውን አንስተን ዝም ማለት ነውር ነው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤተሰባቸው ይብዛላቸው፣ ከስልካቸው አይጉደል። የጻፉት ሁሉ ይወደድላቸው፣ የሚያጨበጭብላቸው አይጡ። ያቺን ሚስታቸውንም ፈጣሪ ይጠብቅላቸው፤ ጥያቄ በኖራት ቁጥር እስከ መጨረሻው አንብቦ የሚመልስላት አንድ ባዕድ አያሳጣት። አሜን በይ እንጂ እታለም።