ስፖኪዮው ላይ የተለጠፈው ጠባቂ

አቶ ቀለሙ አርባ ዓመት አይሱዙ ነድተው አንድ ሰው ሳይገጩ ጡረታ መውጣታቸውን የማያውቅ የደሴ ሰው የለም፤ ቢገኝም ራሳቸው ይነግሩታል።

ያን ረፋድ በአዲሲቱ የቤት መኪናቸው ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዱ ነበር። ልጃቸው ጽናት የሁለት ወር ሕፃኗን ይዛ ከአዲስ አበባ ልትገባ ነው፤ አያት የልጅ ልጃቸውን ገና አላዩም። ከተማው መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ሰፋ ሲል ወደ ቀኝ ጠጋ ቢሉ ክላክስ ከጎናቸው ጮኸ። ፍሬን ይዘው ወረዱ። ሞተር ሳይክል ቦይ ውስጥ ተጋድማለች፤ ነጂዋ ሄልሜቷን አውልቃ አቧራዋን ታራግፋለች።

ደህና መሆኗን ሲያዩ ድንጋጤያቸው ወደ ቁጣ ዞረ፤ አጥፍቶ መቆጣት የቆየ ልማዳችን ነው።

«ምን ልትሠሪ እዚያ ገባሽ?»

«መንገዴ ላይ ነበርኩ፣ አባባ። የገቡብኝ እርስዎ ነዎት።»

«በስፖኪዮ አይቻለሁ። ማንም አልነበረም።»

ልጅቷ ወንጌላዊት ትባላለች፤ በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ታስተምራለች። ወደ ቀኙ ስፖኪዮ ጠጋ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይቺ መኪና ስትነዳ ከጎንዎ ሰው ካለ እዚህ ጥግ ላይ ቢጫ መብራት ታበራለች። የት አለ?»

መብራቱ ላይ «እግዚአብሔር ጠባቂዬ ነው» የሚል ስቲከር ተለጥፏል።

«ሸፈንኩት። አርባ ዓመት የነዳሁትን እኔን መብራት እየጠቀሰ ይመክረኛል? ጠባቂዬስ ማን እንደሆነ ተጽፏል፤ አንብቢው።»

«እኔም የማመልከው እሱኑ ነው። ግን የግቢዎን ውሻ "ጠባቂዬ እግዚአብሔር ነው" ብለው አፉን ያስሩታል?»

ነገሩ ያናድዳል። አዲስ መኪና ስንገዛ የወንበሩን ላስቲክ ሳንልጥ ዓመት እንነዳለን፤ ነፍስ የሚያድነውን መብራት ግን በሳምንቱ እንሸፍናለን።

«ዓይኔ ደህና ነው» አሉ አቶ ቀለሙ።

«ይግቡና በስፖኪዮ ይከተሉኝ።»

በንዴት ገብተው መሪውን ጨበጡ። ወንጌላዊት ከኋላ በቀኝ በኩል ወደ ፊት መራመድ ጀመረች።

«አየሁሽ… አየሁሽ… የት ገባሽ?»

«ይኸው።» የኋላውን በር እጀታ ይዛ ቆማለች።

«ወላሂ፣ እኛስ ከዚህ እያየናት ነው» አለች ከመንገዱ ማዶ ፓፓያ የምትሸጠው ከይሪያ።

«አንገቴን አዙሬ ባይስ?»

«ይዙሩ፤ መዞር ግድ ነው። መብራቱ አንገትዎን አይተካም፤ አንገትዎ በሰነፈበት ቀን ግን እሱ አይሰንፍም።»

«አርባ ዓመት ያለ መብራት ነድቻለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ቀኙን ማን ያይልዎ ነበር?»

«ረዳቴ ሀፊዝ ነዋ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ቆይ፣ ሰው አለ" ይለኛል። ዛሬ ሐርቡ ከተማ ሱቅ ከፍቷል።»

«አፉን በስቲከር ለጥፈውት ያውቃሉ?»

«ሀፊዝን? እንዴት ተብሎ።»

«እንግዲያ አርባ ዓመት ሰው ያልገጨው ማን ነው?»

አቶ ቀለሙ ከመኪናው ወርደው ወደ ቀኙ ስፖኪዮ ዞሩ። ይህን ጥያቄ በአርባ ዓመት ውስጥ የጠየቃቸው አልነበረም።

«አሁን ወዴት ነዎት?»

«የልጅ ልጄን ልቀበል።»

«በየት በኩል ይቀመጣል?»

ጽናት ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላ በቀኝ በር በኩል ነው የምትቀመጠው። አዛውንቱ የበሩን እጀታ አዩ፤ ቦዩንም አዩ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ስቲከሩን መላጥ ያዙ፤ ቁርጥራጩንም አልጣሉትም፣ ኪሳቸው ከተቱት። ሞተሯን ከቦዩ አብረው አወጡ። «በድያለሁ፤ ይቅር በይኝ» አሉ፤ ይህም ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

መብራቷ ደመወዝ አትጠይቅም፤ ከሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እስከ ከተማው አደባባይ ሞተሩን፣ ባጃጁን፣ ሌላውንም መኪና ጠቁማ ሰው ወደ ቤቱ እንዲገባ ታደርጋለች። የምትፈልገው ዓይኗ እንዳይሸፈን ብቻ ነው።

ጉዞ ሲቀጥሉ ወንጌላዊት በቀኝ በኩል ቀረበች። የስፖኪዮው ጥግ ቢጫ በራ። አቶ ቀለሙ መሪያቸውን አጽንተው ያዙ።

«እሺ ሀፊዝ» አሉ፤ «ትለፍ።»