ጭራቁ የሰበረው በር

የምስክር ቃል
የምስክሩ መጠሪያ፦ ሰፈሩ «አቶ ለምን» የሚለው
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ የብረት በር ያለው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ስለደረሰ ቃጠሎና ስለተሰበረ በር

እኔ ምስክሩ ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። የሰፈራችን ኮሚቴ ስለ አደጋ መከላከል ስብሰባ ሲጠራ የሚገኘው ወንበር ብቻ ነበር። ሰው ለምን እንደሚቀር ሳጠያይቅ ስብሰባው እንቅልፍ እንደሚያመጣ ስለተረዳሁ፣ ልምምዱ በተረት ይሁን አልኩ። ጭራቅ ሰፈሩን ወረረ እንበል፤ ሰው ውሃ፣ ባትሪና መድኃኒት አዘጋጅቶ በሩን ይቆልፍ፣ ፊሽካ ሲነፋ ሜዳው ላይ ይሰብሰብ። ሐሳቡ ተወደደ። ጭራቅ የሚሆን ሰው ሲፈለግ ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጭምብሉንም ከሱፍ ቁርጥራጭ የሰፋሁት እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ እያገሳሁ በየበሩ ዞርኩ። ሰማይ ቢደፋ ሱቁን የማይዘጋው ባለዳቦ ቤት እንኳ ቆልፎ በመስኮት ያየኝ ነበር። በዚህ መሀል ከግቢያችን ጓሮ ጭስ አየሁ። ኮሚቴው ሳይነግረኝ የጨመረው ትርኢት መስሎኝ፣ እንዴት እንደሠሩት ለማየት ጓጉቼ ሄድኩ። ጭሱ የሚወጣው እዚያው ግቢ ውስጥ ከምትኖረው አክስቴ ቤት ነበር። በመስኮት ሳይ የሳሎኑ መጋረጃ ይነዳል። ካውያውን ሳትነቅል በር ለመቆለፍ መሮጧን የሰማሁት በኋላ ነው። እሷ መኝታ ክፍል ገብታ ወደ ጓሮ የሚያስወጣውን በር ቀርቅራለች።

«አክስቴ፣ ክፈቺ! እኔ ነኝ! ቤቱ እየነደደ ነው!» አልኩ።

«ሂድ ከዚህ! ለጭራቅ አይከፈትም። በጭስ ልታወጣኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሳል ሰማሁ። ቀጥሎ ዝም አለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። መጥረቢያ አንስቼ በሩን ሰበርኩ። ለፖሊስ የደወሉት ጎረቤት ጭምብል ያጠለቀ ሰው በር ሲሰብር አየሁ ማለታቸው እውነት ነው፤ ማውለቁን ረስቼው ነበር። አክስቴን አዝዬ ስወጣ በየመስኮቱ ተጨበጨበልኝ። ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን መጀመሪያ ያወቀው ባለዳቦ ቤቱ ነው። እሳቱ የጠፋውም ሰው ለልምምዱ ባዘጋጀው ውሃ ነው።

ትናንት አክስቴ የተኛችበት ሐኪም ቤት ሄጄ ለምን እንዳልከፈተችልኝ፣ ድምፄ ጠፍቷት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ድምፅህንማ ወዲያው ነው ያወቅኩት፤ ግን ጭራቅ የምትወዱትን ሰው ድምፅ አስመስሎ ይጠራችኋል ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህ፣ ልጄ?» አለችኝ።

ከላይ የሰፈረው ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት የተጻፈ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________