ያልተመዘገበው ስኳር

ክቡራትና ክቡራን፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከቢቸና ድረስ የመጣችሁልኝም፣ ድካማችሁን አላህ ይቁጠርላችሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ደስ የሚል ነገር ትጠብቁ ይሆናል። ይቅርታ፣ ያንገሸገሸኝን ይዤ ቤቴ አልገባም።

ቢቸና ሳለሁ እማማ ባንቺዓለም የሚባሉ እናት እግራቸው ቆስሎ ተመላላሽ ሕክምና መጡ። ዶክተር እፀገነት መርምራ ካርዱ ላይ «የእግር ቁስል» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ «ስኳር በሽታ» ጨመረች። እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁት ቁስሉን ብቻ ነው።

ለምን? የያኔው አለቃዬ አቶ ምንይሉ፣ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ «ሀሲና፣ ለአንድ ሰው አንድ በሽታ ይበቃዋል! ሪፖርቱን አታዝረክርኪብኝ» ብለውኝ ነበር። አያችሁልኝ፣ በሽታም በኮታ! እኔም እሺ አልኩ።

በዚያው ዓመት «ምርጥ ሪፖርት» ተብለን ተሸለምን። 

እማማ ባንቺዓለም ሞጣ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ ከኮምፒውተሩ ያወጣሁላቸውን ወረቀት ይዘው ሄዱ። ስኳር የሚል ቃል የለበትም። እሳቸውም ዶክተሯ የሰጠቻቸውን የስኳር ክኒን ሲጨርሱ የዳኑ መስሏቸዋል። እዚህ ሞጣ ለሳምንታት ቁስሉ ብቻ ታከመ።

ወደዚህ ተዛውሬ በመጣሁ በወሩ፣ በክራንች ተደግፈው መስኮቴ ላይ ቆሙ። አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም።

«ስኳሬን እናንተ ዘንድ አልጻፉትም ነበር?» አሉኝ።

«ተጽፎ ነበር፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«አንድ መስመር መጻፍ ይሄን ያህል ይከብዳል፣ ልጄ?» አሉ።

ካርዳቸውን ተቀብዬ መመዝገብ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ በዕለቱ ያየውን በሽታ ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር አስገባሁ። በሦስተኛው ወር እዚህም ኃላፊዎቹ ዘንድ ተጠራሁ። «አንቺ ከመጣሽ የሞጣ ስኳር በሽተኛ እጥፍ ሆነ!» ተባልኩ። ምነው፣ ስኳሩን ከቢቸና ጭኜ መጣሁ እንዴ? ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። አልተውኩም። ኋላ ቁጥሩ አላስቀምጥ ሲላቸው የስኳር ክትትል ክፍል ተከፈተ። እማማ ባንቺዓለምም በየወሩ ይመጣሉ፤ በአንድ እግራቸው።

አቶ ምንይሉ፣ እርስዎ ላይ ብቻ አልፈርድም፤ እጁ የእኔ ነበር። ግን ለሪፖርት ውበት ብሎ የሰው ሕመም መቁረጥ ነውር ነው! በእኔም በእርስዎም እጸየፈዋለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ታማችሁ በመጣችሁ ቀን ደግሞ፣ ሕመማችሁን ሳያጎድል የሚጽፍላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።