ሐያት ዶክተር የምትሆንበት ቀን

ልጄ ሐያት የምትማርበት ሮዳ፣ እዚህ ካርቱም መዋዕለ ሕፃናቱን እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ዓመቱን የሚዘጋው በድግስ ነው። ሕፃናቱ ሲያድጉ የሚሆኑትን ለብሰው መድረክ ይወጣሉ ተባለ። የኔዋ "ዶክተር ነኝ" ብላ ሳምንቱን ሙሉ ትራሴን መርፌ ስትወጋ ከረመች። እኔም ከምሠራበት ቤት ማዳሜ የጣለችውን ነጭ ሸሚዝ አሳጥሬ ሰፋሁላት። በበዓሉ ቀን ከምንኖርበት ከካላክላ በሃፍላው አውቶቡስ እየተጋፋን ስንሄድ እንዳይቆሽሽባት እጄ ላይ ይዤላት ነበር። በር ላይ አልብሼ ለአስተማሪዋ፣ ለኡስታዛዋ፣ አስረከብኳትና ከወላጆቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ፓይለቱ ወጣ፣ መሐንዲሷ ወጣች፣ ሦስት ዶክተሮች ተከታትለው ወጡ። ከዚያ ልጄ ሽርጥ ታጥቃ፣ መጥረጊያ ይዛ ብቅ አትልም! ሸሚዙን አስወልቀዋታል። ጎንበስ ብላ መድረኩን ስትጠርግ ሰዉ በሳቅና በጭብጨባ ግቢውን አናጋው። ደሜ ፈላ። ሄጄ ኡስታዛዋን፣ "ይቺ ልጅ ዶክተር ነኝ አላለችሽም?" አልኳት።

"ያ ኡም ሐያት" አለችኝ እየሳቀች፣ የሐያት እናት ማለቷ ነው፤ "ዶክተር በዛብን እኮ! ደግሞ እያት፣ ማሻአላህ፣ ማንም ሳያሳያት ነው የቻለችው።"

"ይሄንንማ ቤቷ ታየዋለች። እዚህ ያመጣኋት እኔ የማልችለውን እንድታሳዩልኝ ነበር" አልኳት።

የኡስታዛዋ ሳቅ ሳያልቅ ሐያት ከመድረኩ ሮጣ መጥታ ቀሚሴን ያዘችኝ። ፊቷ በደስታ ያበራል።

"ማማ፣ ልክ እንዳንቺ ነው የጠረግኩት፣ አይደል?"

"ጎበዝ" አልኳት።